የት ተጽፏል ለሚል ጠያቂ ዐፄ ገላውዴዎስ የሰጡት መልስ



በለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ተቀምጠን ስንጨዋወት የማይቀር አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም የት ተጽፏል የሚለው ነው። አንዱ ጎረቤት ሌላውን፣ ሮብና ዓርብ ከሥጋ ለምን ትከለከላለህ፣ ቅዳሜን ለምን ታከብራለህ፣ ልጅህን በስምንተኛው ቀን ለምን ትገርዛለህ፣ ይኸ ሁሉ በወንጌል የት አለ ብሎ ይጠይቀዋል። የተጠየቀውም በፈንታው፣ አንተስ የምታደርገው ሁሉ ተጽፎ ነው ወይ ብሎ ይመልሳል። ጥያቄው በራሱ ክፉ አይደለም። ክርስቲያን ነኝ የሚል ሰው የሚሠራውን ከምን እንዳገኘው ቢጠየቅ ተገቢ ነው። ችግሩ ያለው አመላለሱ ላይ ነው። ጨዋታው ወደ ንትርክ ይለወጥና ንፍሮው ተበልቶ ሳያልቅ ሰው ተኮራርፎ ይነሣል። ሐዘንተኛው ደግሞ በሐዘኑ ላይ የጎረቤቶቹን ጠብ ይጨምራል።

እኛ በጂንካ የምንኖር ሰዎች ይህ ነገር ከሌላው አገር ይልቅ ይመለከተናል። እድራችን የኦርቶዶክሱም፣ የቃለ ሕይወቱም፣ የመካነ ኢየሱሱም፣ የሙስሊሙም ነው። ከአሪና ከማሌ ጀምሮ ከብዙ ብሔረሰብ የመጣን ሰዎች በአንድ ድንኳን ሥር እንቀመጣለን። ስለዚህ በዘንድሮው መጽሔታችን፣ ይህንኑ ጥያቄ ከ460 ከሚበልጡ ዓመታት በፊት ተጠይቀው በብዕር የመለሱ የአንድ ንጉሥ ሕይወት ብናቀርብ ይጠቅማል ብለን አሰብን። እሳቸውም ዐፄ ገላውዴዎስ ናቸው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተሰጡ መሆናቸውን አንባቢ እንዲያውቅልን እንፈልጋለን።

ልጅነታቸውና የነገሡበት ዘመን

ገላውዴዎስ የዐፄ ልብነ ድንግልና የእቴጌ ሰብለ ወንጌል ልጅ ሲሆኑ የተወለዱት በ1520ዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። ገና ሕፃን ሳሉ አገሪቱ ወደ ከባድ ጦርነት ገባች። በ1529 ብዙዎቻችን ግራኝ እያልን የምናውቃቸው ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም የልብነ ድንግልን ጦር ሽምብራ ኩሬ ላይ ድል አደረጉ። ከዚያ በኋላ ከአሥር ዓመት በላይ ጦርነቱ ከአንዱ አውራጃ ወደ ሌላው እየተዛመተ ሄደ። ንጉሡም ከተራራ ተራራ እየተሰደዱ ኖሩ። የገላውዴዎስ ታላቅ ወንድም ፊቅጦር በጦርነቱ ሞቱ። ሌላው ወንድማቸው ሚናስ ደግሞ ተማረኩ። አባታቸው በ1540 ደብረ ዳሞ ላይ ሲያርፉ ዘውዱ የወደቀው ዕድሜያቸው ሃያ ባልሞላው በገላውዴዎስ ራስ ላይ ነበር። የመንግሥት ስማቸውም አጽናፍ ሰገድ ተባለ።

በዚያ ጦርነት ከሰው ሕይወትና ከከብት ሌላ መጻሕፍትም ጠፍተዋል። በየገዳሙ በብራና ላይ በእጅ የተጻፉ፣ አንዱን ለመጨረስ ወራት የፈጁ መጻሕፍት ከአብያተ ክርስቲያናቱ ጋራ ተቃጠሉ። እንግዲህ ስለ ሃይማኖቱ የተጠየቀ ሰው መልሱን የሚያገኘው ከመጽሐፍ አይደል? መጽሐፉ ሲቃጠልበት ምን ይዞ ይመልሳል? የዘመኑ ሊቃውንት ግን እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። ከየመን የመጡትና ቀድሞ ሙስሊም የነበሩት የደብረ ሊባኖሱ እጨጌ ዕንባቆም አንቀጸ አሚን የተባለውን መጽሐፍ ጻፉ። በዚህም መጽሐፍ ከኢማሙ ጋራ የተከራከሩት ቁርኣንን እየጠቀሱ ነበር። ሮማ ይኖሩ የነበሩት መነኩሴ ተስፋ ጽዮን ደግሞ ከባልንጀሮቻቸው ጋራ ሆነው በ1548 እና በ1549 ሐዲስ ኪዳንን በግዕዝ አሳተሙ። አገር ቤት ብራናው ሲቃጠል፣ በባዕድ አገር ያሉ ልጆቿ መጽሐፉን በማተሚያ መኪና አባዙት ማለት ነው።

ወደ ንጉሡ እንመለስ። በ1541 በክሪስቶቫኦ ደ ጋማ የሚመሩ 400 ያህል ጠመንጃ የያዙ ፖርቱጋሎች በምጽዋ በኩል ለርዳታ ገቡ። መሪያቸው በ1542 ተማርኮ ተገደለ። የተረፉት ወታደሮች ከወጣቱ ንጉሥ ጦር ጋራ ተቀላቀሉ። በየካቲት 1543 ወይና ደጋ ላይ በተደረገው ጦርነት ኢማም አሕመድ ሞቱ፤ ጦራቸውም ተበተነ። ንግሥት ሰብለ ወንጌል ከኢማሙ ባለቤት ከድል ወንበራ ጋራ ተላልከው፣ የተማረከውን የኢማሙን ልጅ ሰጥተው የራሳቸውን ልጅ ሚናስን ተቀበሉ። በጦርነቱ ጊዜ ተገደው ሃይማኖታቸውን የለወጡ ብዙ ሰዎች ነበሩና እነርሱም በንስሐ እየተመለሱ ተቀባይነት አገኙ።

ከአጋር ጋራ የመጣው ጥያቄ

ጦርነቱ ሲያልቅ ሌላ ጣጣ ተከተለ። ፖርቱጋሎች ደማቸውን አፍስሰው ረድተዋል፤ ይህን ማንም አይክድም። ነገር ግን ጠመንጃ ይዞ የመጣ እንግዳ ሃይማኖቱንም ይዞ መምጣቱ አልቀረም። ጆአኦ ቤርሙዴስ የሚባል ሰው ከሮማ የተሾምኩ ጳጳስ ነኝ እያለ ንጉሡ ለሮማው ፓፓ እንዲገዙ ወተወተ። ገላውዴዎስ ግን እንደ አባቶቻቸው ልማድ ወደ እስክንድርያ ልከው ጳጳስ አስመጡ። የመጡትም አቡነ ዮሳብ ናቸው።

ፖርቱጋሎቹ በኢትዮጵያ ክርስቲያኖች ላይ ሦስት ክስ ያቀርቡ ነበር። ቅዳሜን ታከብራላችሁ፣ ልጆቻችሁን ትገርዛላችሁ፣ የአሳማ ሥጋ አትበሉም፤ እንግዲያው በልባችሁ አይሁድ ናችሁ የሚል ነው። ክሱ አዲስ አልነበረም። ልብነ ድንግል ወደ ፖርቱጋል የላኳቸው መልእክተኛ ጸጋ ዘአብ በዚሁ ምክንያት በሊዝበን ለብዙ ዓመታት ሲጨቃጨቁ ኖረዋል። ከሥጋ ወደሙም ተከልክለዋል። ስለ ኢትዮጵያ ሃይማኖትና ልማድ የጻፉትን ቃል ዳሚያኦ ደ ጎይስ የሚባል ፖርቱጋላዊ ሊቅ በ1540 ቢያሳትመውም፣ በፖርቱጋል እንዳይሸጥ ታገደ።

በ1555 ጎንሳሎ ሮድሪገስ የሚባል የኢየሱሳውያን ማኅበር ቄስ ከንጉሡ ዘንድ መጣ። የአመጣጡም ዓላማ ንጉሡ የሮማን ሃይማኖት ለመቀበል ፈቃደኛ መሆን አለመሆናቸውን ለማረጋገጥ ነበር። ገላውዴዎስም በዚያው ዓመት በሰኔ ወር፣ ዳሞት ምድር ሳሉ፣ የሃይማኖታቸውን ቃል በግዕዝ ጻፉ። ጽሑፉ ጥቂት ገጽ ብቻ ነው። ሊቃውንትም የገላውዴዎስ ሃይማኖት ይሉታል። በመጀመሪያ በሥላሴ፣ በክርስቶስ ሰው መሆንና በትንሣኤው ያላቸውን እምነት ያስቀምጡና፣ ይህም የኒቅያ፣ የቁስጥንጥንያና የኤፌሶን ጉባኤዎች የወሰኑት መሆኑን ይገልጻሉ። ከዚያ በኋላ ወደ ሦስቱ ክሶች ይገባሉ።

ስለ ቅዳሜ

የቅዳሜ ነገር በአገራችን ገና ከጥንቱ ያከራከረ ነው። በ14ኛው መቶ ዓመት አባ ኤዎስጣቴዎስና ደቀ መዛሙርቶቻቸው ቅዳሜም እንደ እሑድ ይከበር ብለው ተነሥተው ብዙ ተሰደዋል። አባ ኤዎስጣቴዎስ ራሳቸው አገር ለቀው በአርመን ምድር ነው የሞቱት። ጉዳዩ እልባት ያገኘው በ1450 በደብረ ምጥማቅ በተደረገው ጉባኤ፣ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፣ ሁለቱም ቀኖች እንዲከበሩ ሲወሰን ነው። ገላውዴዎስ ይህን ውሳኔ ወርሰዋል።

መልሳቸው እንዲህ ነው። እኛ ቅዳሜን የምናከብረው እንደ አይሁድ አይደለም ይላሉ። አይሁድ በዚያ ቀን ውኃ አይቀዱም፣ እሳት አያነዱም፣ ወጥ አይሠሩም፣ እንጀራ አይጋግሩም፣ ከቤት ወደ ቤትም አይሄዱም። እኛ ግን ቁርባን እናቀርብበታለን፣ ማዕድም እናበላበታለን፤ ይህንም ያዘዙን ሐዋርያት በዲድስቅልያ ነው ይላሉ። ቢሆንም ቅዳሜን ከእሑድ ጋራ አያስተካክሉም። ክርስቶስ የተነሣው፣ መንፈስ ቅዱስም በሐዋርያት ላይ የወረደው በእሑድ ነውና እሑድ ይበልጣል ይላሉ። የዚህ አገር ሰው ቅዳሜ ትልቁ የጂንካ ገበያ የሚቆምበት ቀን መሆኑን ያውቃል። ገበያ የሚወጣውም፣ ቤተ ክርስቲያን የሚሄደውም፣ ሁለቱንም የሚያደርሰው ሰው በመካከላችን አለ። ንጉሡ ከሳሾቻቸውን የመለሱት ቀኑን በመካድም፣ ሌላውን በመኰነንም አይደለም። ምን እንደሚያደርጉበትና ትእዛዙን ከየት እንዳገኙት ለይተው በመናገር ነው።

ስለ ግርዛት

ለእኛ ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀን ይህኛው ክፍል ነው። ገላውዴዎስ የጳውሎስን መልእክታት በሙሉ እናውቃቸዋለን ይላሉ። መገረዝም አለመገረዝም ለመዳን እንደማይጠቅም፣ የሚጠቅመው አዲስ ፍጥረት መሆን እንደሆነ ጳውሎስ ለገላትያ ሰዎች ማስተማሩን ያስታውሳሉ። ታዲያ ለምን ትገረዛላችሁ ቢባሉ፣ የአገር ልማድ ስለሆነ ብቻ ነው ይላሉ። በኢትዮጵያና በኖባ ሰዎች ፊታቸውን እንደሚበጡ፣ በሕንድ አገርም ጆሯቸውን እንደሚበሱ ማለት ነው እንጂ የኦሪትን ሕግ ለመፈጸም አይደለም ብለው ይዘጉታል።

ይህ ምሳሌ ለሌላው አገር ሰው ሩቅ ይሆን ይሆናል። ለእኛ ግን ደጃችን ላይ ያለ ነው። ከሙርሲ፣ ከሐመር ወይም ከካሮ ወደ ጂንካ የሚመጣ ሰው ገላው ላይ በጣ፣ ጆሮው ላይ ብስ አለው። በአካባቢያችን የሚገረዝም ሕዝብ አለ፣ የማይገረዝም ሕዝብ አለ። እኛ የከተማ ሰዎች ብዙ ጊዜ የራሳችንን ግርዛት የእግዚአብሔር ትእዛዝ፣ የእነርሱን በጣ ደግሞ የኋላ ቀርነት ምልክት አድርገን እናያለን። ገላውዴዎስ ግን ንጉሠ ነገሥት ሆነው፣ የገዛ ወገናቸውን የከበረ ልማድ አንሥተው ከፊት በጣና ከጆሮ ብስ ጋራ በአንድ መደርደሪያ ላይ አስቀመጡት። የራስን ነገር ልማድ ነው ብሎ ማመን ቀላል አይደለም። እሳቸው ግን መጽሐፍ ያላዘዘውን መጽሐፍ አዘዘኝ ማለት አልፈለጉም።

ልማድ ነው ማለት ግን ሁሉም ልማድ ይቀመጥ ማለት እንዳልሆነ እኛው በአካባቢያችን አይተናል። የካሮ ሽማግሌዎች በ2012 ሚንጊ በሚል ልማድ ሕፃናትን መግደል እንዲቀር ወስነዋል። ልማድ የሰው ሥራ ስለሆነ፣ ሰው የሚጎዳ ሆኖ ሲገኝ ሰው ራሱ ሊተወው ይችላል።

ስለ መብል

ሦስተኛው የአሳማ ሥጋ ነገር ነው። ገላውዴዎስ የማንበላው የኦሪት ሕግ አስሮን አይደለም ይላሉ። የሚበላውን ሰው አንጸየፈውም፣ ርኩስም አንለውም። የማይበላውንም ብላ ብለን አናስገድደውም ይላሉ። ማስረጃቸውም ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች የጻፈው ነው። የሚበላው የማይበላውን እንዳይንቅ፣ የማይበላውም በሚበላው ላይ እንዳይፈርድ፣ የእግዚአብሔር መንግሥትም በመብልና በመጠጥ እንዳልሆነች ሐዋርያው ያስተማረውን ያነሣሉ። ከማቴዎስ ወንጌልም ሰውን የሚያረክሰው ወደ አፉ የሚገባው እንዳልሆነ ያመለክታሉ።

እኛ እንደተረዳነው፣ ንጉሡ የተጠየቁትን ነገር ሁሉ በአንድ ሚዛን አልመዘኑም። መጽሐፍ በግልጽ የሚናገረውን መጽሐፍ አለ ብለዋል። ከሐዋርያት ሥርዓት የተቀበሉትን ከዲድስቅልያ አገኘነው ብለዋል። የአገር ልማድ የሆነውን ደግሞ ሳያፍሩ ልማዳችን ነው ብለዋል። ንትርክ የሚነሣው እኒህ ሦስቱ ሲደባለቁ ነው። አንዱ ወገን ልማዱን ትእዛዝ ያደርገዋል፤ ሌላው ወገን ያልተጻፈ ሁሉ ኃጢአት ነው ይላል።

የመጨረሻዎቹ ዓመታት

በ1557 አንድሬ ደ ኦቪዬዶ የሚባል የሮማ ጳጳስ መጣ። በንጉሡም ፊት የሃይማኖት ክርክር ተደረገ። ገላውዴዎስ ራሳቸው ከሊቃውንቶቻቸው ጋራ ሆነው ይከራከሩ ነበር። በመጨረሻም የአባቶቻቸውን ሃይማኖት እንደማይተዉ ቁርጡን ነገሩት። ነገር ግን አላሰሩትም፤ ከአገርም አላባረሩትም። በአገሪቱ የቀሩት ፖርቱጋሎችም በገዛ ሃይማኖታቸው እንዲኖሩ ተዉአቸው። ኦቪዬዶ በ1559 መጀመሪያ ላይ የኢትዮጵያን ቤተ ክርስቲያን እየነቀፈ፣ ምእመናኑም ለእርሷ እንዳይታዘዙ የሚያሳስብ ደብዳቤ እስከ መበተን ደርሷል።

የዚያ ሰው ነገር ግን ገና ሳይቋጭ ጦርነት እንደገና መጣ። የኢማም አሕመድን ባለቤት ያገቡት የሐረሩ አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ ዘመቱ። በመጋቢት 1559፣ በሰሙነ ሕማማት፣ ገላውዴዎስ በጦር ሜዳ ወደቁ። ራሳቸውም ተቆርጦ ወደ ሐረር ተወሰደ። ዕድሜያቸው አርባ አልሞላም ነበር። ወንድማቸው ሚናስ ነገሡ።

የገላውዴዎስ መንገድ ምን ያህል ብልህነት እንደነበረበት የታወቀው እሳቸው ከሞቱ በኋላ ነው። ከስልሳ ዓመት በኋላ ዐፄ ሱስንዮስ የሮማን ሃይማኖት ተቀብለው በ1622 በይፋ አወጁ። ቅዳሜን ማክበርም በአዋጅ ተከለከለ። በዚህ ምክንያት ወንድም ከወንድሙ ተጋደለ፤ በሺህ የሚቆጠር ገበሬ አለቀ። ሱስንዮስ ራሳቸው የደሙን ብዛት አይተው በ1632 ሕዝቡ ወደ ቀድሞ ሃይማኖቱ እንዲመለስ ፈቀዱና ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ጥያቄው ያው ጥያቄ ነበር። ገላውዴዎስ በጥቂት ገጽ የመለሱትን ሱስንዮስ በአዋጅና በሰይፍ ለመመለስ ሞክረው ነው አገር የታመሰው። ያቺ የገላውዴዎስ ትንሽ ጽሑፍ ግን ከመቶ ዓመት በኋላ አውሮፓ ደርሳ፣ በጀርመናዊው የግዕዝ ሊቅ በኢዮብ ሉዶልፍ አማካይነት ታትማ፣ ኢትዮጵያውያን ምን እንደሚያምኑ ለሚጠይቅ ሁሉ መልስ ሆና ኖራለች።

ለእድራችን የሚሆን ቁም ነገር

የተከበራችሁ አባላት፤ የእድራችን ሥራ ሟችን በክብር መቅበርና ሐዘንተኛን ማጽናናት ነው። ደንባችን በመጽሐፍ ቅዱስ የተጻፈ አይደለም፣ በቁርኣንም የተጻፈ አይደለም። እኛው ተሰብስበን ያወጣነው የሰው ደንብ ነው። ሆኖም ጡሩምባው ሲነፋ ሁላችንም የምንወጣው ደንቡ መልካም ስለሆነ ነው። ታዲያ ያልተጻፈውን የራሳችንን ደንብ ይህን ያህል ካከበርን፣ የጎረቤታችንን ሥርዓት ባልተጻፈ ነገር ብቻ መናቅ አይገባንም።

ስለዚህ በለቅሶ ቤት ጾመኛው ከሥጋ ሲከለከል የሚበላው አይሳቅበት። የሚበላው ሲበላም ጾመኛው ፊቱን አያጥቁርበት። ምግብ የሚያዘጋጁት እናቶችና እኅቶች የጾሙንም የፍስኩንም ለይተው እንደሚያቀርቡ እናውቃለን፤ ምስጋና ይገባቸዋል። የቀብር ጸሎቱ በሟቹ ሃይማኖት ይፈጸም፤ ሌላው ባርኔጣውን አውልቆ በጸጥታ ይቁም። ፍትሐትና ተዝካር የሚያደርገውም፣ የማያደርገውም፣ ለምን እንደዚያ እንደሚያደርግ ቢጠየቅ በትሕትና ያስረዳ። የተጻፈ ከሆነ ምዕራፉን ይጥቀስ፤ የአባቶች ሥርዓት ከሆነ ሥርዓት ነው ይበል፤ ልማድ ከሆነም ልማዴ ነው ለማለት አይፈር። ጠያቂውም ለማወቅ ይጠይቅ እንጂ ለማሳፈር አይጠይቅ።

ከገጠር ወደ ከተማችን መጥተው ከእኛ ጋራ የሚኖሩ፣ ገላቸው ላይ በጣ ያለባቸው ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ወደ እድራችን ሊገቡ ሲመጡም ይህንኑ እናስታውስ። በጣውም ግርዛቱም የሰው ገላ ላይ ያለ የአገር ምልክት ነው። የምንቀብረው ሰውን ነው።

መጪው ዓመት ጡሩምባችን እምብዛም የማይነፋበት፣ በሰላም የምንገናኝበት ዓመት ይሁንልን።